የድሬዳዋ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ከማን ጋር ይደራደሩ?

ድሬዳዋ ላይ የጽዳት ሥራ የሚጀመረው ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። ከዚራ ውስጥ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ተከትለው በተዘረጉት ባለ ዛፍ ጎዳናዎች፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ በመጋላ ጠባብ መንገዶችና በከፊራ ገበያ ዙሪያ፣ ባጃጁ ሳይበዛ መጥረጊያ የያዙ ሠራተኞች ይታያሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አፍና አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ምሽቱ ትቶት ያለፈውን ይሰበስባሉ፤ የጫቱን ገረባ፣ የውኃ ፕላስቲኩን፣ ካርቶኑን፣ የፍራፍሬ ልጣጩን። ክረምት ሲገባ ሌላ ሥራ ይጨመራል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ድንጋይ አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ቦዩም ይደፈናል። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ፣ የተደፈነ ቦይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚነግራት አያስፈልጋትም።

እንግዲህ ይህች ጎህ ሲቀድ የምትጠርግ ሠራተኛ ጓንት ካላገኘች፣ የትርፍ ሰዓት ካልተከፈላት፣ ወይም የኮንትራት ጊዜዋ ይታደስ አይታደስ ሳታውቅ ወራት ከቆጠረች ጥያቄዋን የት ታቀርባለች? ለቅርብ ኃላፊዋ መናገር ትችላለች። ማመልከቻ ጽፋ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ማስገባት ትችላለች። ከንቲባው ወይም የምክር ቤት አባል ሕዝብ ሰብስቦ ሲያወያይ እጇን አውጥታ መናገርም አያቅታትም። ከጓደኞቿ ጋር ተወካይ መርጣ፣ ከአሠሪዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ የተስማሙበትን ጽፈው ሁለቱም ወገን እንዲፈርሙበት ማድረግ ግን አትችልም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። የድሬዳዋ ምክር ቤት ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ቅሬታ የሚሰጠው ምላሽ፣ ቅን ልብ ቢኖረውም እንኳ፣ በድርድር ላይ እስካልቆመ ድረስ አይጸናም፤ ይህንንም ለመጀመር አዲስ አበባ ላይ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም።

ነገሩን ድሬዳዋ ላይ ማንሣት ተገቢ የሚሆነው በታሪኳ ነው። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ገና ከመነሻዋ በደመወዝተኛ የቆመች ናት። በሐረር ወይም በጎንደር ልክ የነገሥታት አሻራ የላትም፤ የእሷ አሻራ የባቡር ጋራዡ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። የባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ማኅበር ሲያቋቁሙ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ነበር የመሠረቱት፤ ያኔ የሠራተኛ ማኅበርን የሚያውቅ የሥራ ሕግ አልነበረም። ሕጉ የመጣው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ማኅበራቱን በአገር አቀፍ ደረጃ ያሰባሰበው ድርጅትም በዓመቱ ተቋቋመ። የሚገርመው በዚያው ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ መዝገብ መጻፉ ነው። ለእሱ ማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር ተቋቁሞ የራሱ ደንብ ወጣለት። ሐዲዱን የሚጠግነው ከአሠሪው ጋር የሚደራደር ሲሆን፣ ሐዲዱ ዳር ያለውን መንገድ የሚጠርገው ደንብ የሚወርድለት ሆነ። መለያየቱ ስድሳ ዓመት አልፎት ዛሬም እንዳለ ነው። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበራቱ አገር አቀፍ አድማ ሲመቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በየተራ የተከተሏቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ብሶት ነበራቸው፤ ብሶታቸውን ተቀብሎ የሚደራደር አካል ግን አልነበራቸውም።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ልዩነት ሊያጠብ ሞክሮ ነበር። አንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችንና የእርሻ ሠራተኞችን ሲዘረዝር፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑና የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውን የመንግሥት ሠራተኞችም ጨምሯቸዋል። በማኅበር መደራጀትን፣ ከአሠሪ ጋር በኅብረት መደራደርን፣ ሥራ ማቆምንም ያውቅላቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ በእነዚህ መብቶች የሚጠቀሙት የመንግሥት ሠራተኞች እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ትላለች። ሕገ መንግሥቱ ከጸና ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ያ ሕግ ግን አልወጣም። በምትኩ የወጡት ሕጎች በሩን ከሁለት ወገን ዘጉት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አወጣቸው፤ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ደግሞ ስለ ቅጥር፣ ደረጃ፣ ዲሲፕሊንና ቅሬታ ሲያትቱ ለኅብረት ድርድር ምዕራፍ አላበጁለትም። በ2017 ዓ.ም. የፌዴራሉ ሕግ ሲከለስ እንኳ ጎልቶ የተሰማው ክርክር የብሔር ብሔረሰቦች ተዋጽኦና የብቃት ምዘና ነበር። ውጤቱን ድሬዳዋ ላይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በተመረቀው የነፃ ንግድ ቀጠና ውስጥ ያለ የግል ድርጅት አሥር ሠራተኛ ካለው፣ ሠራተኞቹ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ድርጅቱም የድርድር ጥያቄ በጽሑፍ ሲቀርብለት በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ወደ ቀጠናው የሚወስደውን መንገድ የሚጠርጉት፣ መቶም ይሁኑ ሺህ፣ ይህ መብት የላቸውም።

የመንግሥት ሠራተኛው ቅሬታ የሚያቀርብበት ሥርዓት የለም ማለት አይደለም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም አለ። ችግሩ ሁለቱም የተሠሩት ለአንድ ሰው አንድ በደል መሆኑ ነው። ያለ አግባብ የተቀጣ፣ ደረጃው የተዘለለበት፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው እዚያ ፍትሕ ሊያገኝ ይችላል። የሁሉም የሆነ ጥያቄ ግን እዚያ መዝገብ አይከፈትለትም። «ለሦስት ወር ጫማ አልተሰጠንም» የሚል አቤቱታ በአንዲት ሠራተኛ ስም ከቀረበ የግሏ ጉዳይ ይሆናል፤ በሃምሳ ሠራተኞች ስም ከቀረበ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥያቄ መባሉ ቀርቶ ሁከት ይባላል። በ2011 ዓ.ም. የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን፣ ሠራተኛው ጄ.ኢ.ጂ. እያለ የሚጠራው፣ ሲተገበር በየመሥሪያ ቤቱ የተነሣው ቅሬታ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ምዘናው የሥራ መደብን የሚመለከት፣ ማለትም የብዙዎችን ኑሮ በአንድ ጊዜ የሚነካ ነበር፤ ቅሬታው ግን ሰው በሰው፣ ማመልከቻ በማመልከቻ እንዲታይ ተደረገ።

ደመወዝም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከላይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ መንግሥት የሠራተኛውን ደመወዝ ሁለት ጊዜ አሻሽሏል። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው 4,760 ብር ሆነ፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ 11,500 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ጭማሪው ትንሽ አይደለም፤ ላለማመስገንም ምክንያት የለም። ቢሆንም የመጣበትን መንገድ ማየት ይገባል። መጠኑን የወሰነው አካል ሠራተኛውን አልጠየቀም፤ ሠራተኛውም የሰማው እንደ ማንኛውም ዜና አድማጭ ከቴሌቪዥን ነው። የዛሬ ዓመት ኑሮው ቢወደድ መቼ እንደሚከለስ፣ በምን መለኪያ እንደሚከለስ የተጻፈ ነገር የለም። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም በአዋጅ 1156 የተጻፈው ራሱ ገና ሥራ ላይ ሳይውል፣ ለመንግሥት ሠራተኛው እንዲህ ያለ ቦርድ መመኘት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የማይታሰበው ድርድሩ ሳይሆን በዚህ ዓይነት የዘፈቀደ ጊዜ አቆጣጠር ቤት ማስተዳደር ነው እላለሁ።

ድርድር በሌለበት ብሶት ወዴት እንደሚሄድ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ታይቷል። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያስተጋቡ ቆይተው በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ድርጊቱን ሕገወጥ አለው፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለጊዜው እንተወውና አንድ ነገር ብቻ እናስተውል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለሙያዎቹን ወክሎ የሚፈርም፣ የፈረመውንም አባላቱ እንዲያከብሩ የሚያደርግ ሕጋዊ ማኅበር አልነበረም። መንግሥት መደራደር ቢፈልግ እንኳ ከማን ጋር እንደሚደራደር ግልጽ አልነበረም። ድርድርን የሚፈራ አስተዳደር ብዙ ጊዜ የማያየው ይህን ነው፤ ማኅበር ጥያቄ እንደሚያመጣ ሁሉ ጥያቄ የሚዘጋ ፊርማም ያመጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ አድማ ነው። የከተማ ጽዳት ለአንድ ሳምንት ቢቆም፣ በተለይ በድሬዳዋ ሙቀት፣ በሽታ ይነሣል፤ ስለዚህ የእነዚህ ሠራተኞች መደራጀት አደገኛ ነው ይባላል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ለዚህ የራሳችን ሕግ ምስክር ነው። አዋጅ 1156 የሕዝብን ሕይወት የሚነኩ አገልግሎቶችን ሲዘረዝር አየር መንገድን፣ መብራትን፣ ውኃን፣ የከተማ ጽዳትን፣ ሆስፒታልን፣ እሳት አደጋንና ቴሌኮምን ይጠራል። በእነዚህ ድርጅቶች ሥራ ማቆም አይፈቀድም። መደራጀትና መደራደር ግን አልተከለከለም፤ ድርድሩ ሳይሳካ ሲቀር ጉዳዩ ለጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። የኢትዮ ቴሌኮምና የመብራት ኃይል ሠራተኞች ማኅበር አላቸው፤ የኅብረት ስምምነትም ይፈራረማሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ ያው መንግሥት ነው። እንግዲህ መንግሥት ስልክ ከሚዘረጋው ጋር ተቀምጦ መፈራረም ከቻለ፣ ቆሻሻ ከሚያነሣው ጋር የማይቀመጥበት ምክንያት የሥራው አስፈላጊነት ሊሆን አይችልም። አስፈላጊነቱ አድማን ለማስቀረት ምክንያት ከሆነ፣ በአድማው ምትክ ሌላ መድረክ ለመስጠት ይበልጥ ጠንካራ ምክንያት ነው።

የከተማ ምክር ቤት ይህን ሳይሰማ ሲቀር የሚከፈለውን ዋጋ የሜምፊስ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1968 በዚያች የአሜሪካ ከተማ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በቆሻሻ መኪናው ማሽን ተጨፍልቀው ሞቱ። አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ጥያቄያቸው የደመወዝ፣ የደኅንነትና ከሁሉም በላይ የማኅበራቸው መታወቅ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ኮሚቴ ሊሰማቸው ዝንባሌ አሳይቶ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን ለማኅበሩ ዕውቅና ሳይሰጥ ኃላፊነቱን ለከንቲባው ተወው፤ ከንቲባው ሄንሪ ሎብ ደግሞ አድማው ሕገወጥ ስለሆነ አልደራደርም አሉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ እነዚህን ሠራተኞች ሊደግፍ ሜምፊስ በሄደበት መጋቢት 26 ቀን 1960 ዓ.ም. ተገደለ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከተማዋ ማኅበሩን አወቀች፤ ደመወዝም ጨመረች። በየካቲት መፈረም ይቻል የነበረ ወረቀት ነው በሚያዝያ የተፈረመው። ድሬዳዋ ሜምፊስ አይደለችም፤ ትሁን የሚልም የለም። ሕገወጥ ነው በሚል ቃል ብቻ ከድርድር የሸሸ ምክር ቤት ግን ጥያቄውን ለሌላ ቀን ያሳድረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ የድሬዳዋ ምክር ቤት ምን ሥልጣን አለውና ነው? ድሬዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። የደመወዝ እርከኑ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። እውነት ነው፤ ምክር ቤቱ 6,000ውን ብር 7,000 ማድረግ አይችልም። ይሁን እንጂ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ኑሮ በእርከን ብቻ የሚወሰን የሚመስለው ከቢሮ ሆኖ ለሚያይ ብቻ ነው። ጓንቱ፣ ቦቲው፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ጎህ ሳይቀድ ለምትወጣ ሠራተኛ መጓጓዣ መኖር አለመኖሩ፣ የበዓል ቀን ሥራ እንዴት እንደሚከፈል፣ በሥራ ላይ የተጎዳ የት እንደሚታከም፣ የኮንትራት ሠራተኛ ውል የሚታደሰው መቼና በምን መመዘኛ እንደሆነ፣ እነዚህ ሁሉ የከተማ በጀትና የከተማ አሠራር ጉዳዮች ናቸው። በጀቱን የሚያጸድቀው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው። በአገራችን ከተሞች ቆሻሻ የሚያነሡት ቋሚ ሠራተኞች ብቻ አለመሆናቸውም መረሳት የለበትም። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው በውል የሚሠሩ ማኅበራት አሉ። ክፍያቸው ሲዘገይ ወደየትኛውም ቅሬታ ሰሚ መሄድ አይችሉም፤ ሕጉ የሚያያቸው እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ አገልግሎት አቅራቢ ነውና። ለእነሱ የሚጻፈውን ውል የሚያዘጋጀው የከተማው አስተዳደር ራሱ ነው። ክፍያ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚፈጸም፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ የሥራ ልብስ የማን ግዴታ እንደሆነ በውሉ ለማስገባት የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም።

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። መደራደር ማለት እሺ ማለት አይደለም። ከተማዋ በጀቷን ገልጣ «ያለው ይህ ነው፤ ለቦቲ እናውለው ወይስ ለመጓጓዣ?» ብትል ሠራተኛው የሚመርጠውን ከማንም በላይ ያውቃል። ያልተጠየቀበት ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ከንቱ ይቀራል፤ በልክ ያልተገዛ ቦቲ ግምጃ ቤት ሲቀመጥ ሠራተኛዋ በነጠላ ጫማ ትጠርጋለች።

በድሬዳዋ ብቻ የሚነሣ ሌላ ሥጋት አለ፤ ሰዎች በይፋ ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያነሡት። ከተማዋ ለዓመታት የተዳደረችው 40-40-20 በሚባለው የሥልጣን ክፍፍል ነው፤ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለሌሎች። የወጣቱ ሥራ ማጣትና ይህ ቀመር በ2011 ዓ.ም. ለተቃውሞ ሰልፎች ምክንያት ከሆኑት ነገሮች መካከል ነበሩ። እንዲህ ባለ ከተማ የሠራተኛ ማኅበር ቢቋቋም እሱም በብሔር ይከፋፈላል፣ ፖለቲከኞችም መጠቀሚያ ያደርጉታል ይባላል። ሊሆን ይችላል። ይሁንና ዛሬ ያለው አሠራር ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም። ሠራተኛዋ በማኅበሯ በኩል መጠየቅ ካልቻለች የምትሄደው ዘመድ ወዳላት ኃላፊ ነው፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም ማኅበር በላይ በብሔር የሚከፋፍል መንገድ ነው። ጓንት የሚያስፈልገው እጅ ሁሉ ያው ጓንት ያስፈልገዋል፤ ተወካዮች በምሥጢር ድምፅ ከየሥራ ክፍሉ ቢመረጡ አጀንዳው በዚያ ዙሪያ ይሆናል። የባቡር ጋራዡ ሠራተኞች በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛ፣ በአረብኛና በፈረንሳይኛ እየተነጋገሩ አንድ ማኅበር አቁመው እንደነበርም ድሬዎች አይረሱትም።

ዓለም አቀፉ መመዘኛም ከዚህ ወገን ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች። 98ኛው ስምምነት በመንግሥት አስተዳደር ላይ የተሰማሩ ሠራተኞችን እንደማይመለከት ስለሚናገር፣ መንግሥታት ብዙ ጊዜ በዚያ ይከለላሉ። የድርጅቱ የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን ያ አነጋገር የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሹማምንትን እንጂ መምህራንንና የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን እንደማይጨምር አስረድቷል፤ ኢትዮጵያንም ለመንግሥት ሠራተኞቿ ይህን መብት በሕግ እንድታረጋግጥ ደጋግሞ ጠይቋል። አሠራሩ ሩቅ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የአካባቢ መንግሥታት ማኅበርና ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ማኅበራት የሚቀመጡበት የድርድር ምክር ቤት አለ፤ ስምምነቱ ሲፈረም ለዓመታት ይጸናል። ድርድሩ ብዙ ጊዜ ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዴም አድማ ይከተላል። ጭቅጭቁ ግን ቀን፣ ቦታና ተጠያቂ አለው።

ስለዚህ ከድሬዳዋ ምክር ቤት የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም በእጁ ናቸው። ከሐምሌ 1 በፊት፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሳይጸድቅ፣ ከጽዳት፣ ከአረንጓዴ ልማት፣ ከቦይ ጥገናና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች በምሥጢር ድምፅ የተመረጡ ተወካዮችን በቋሚ ኮሚቴው ፊት ይስማ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ፤ ለግል ድርጅት የተሰጠው ቀን ለመንግሥት አያንስም። ከጽዳት ማኅበራት ጋር የሚፈረመው ውል የክፍያ ቀንንና የሥራ ላይ ጉዳትን ያካትት። ምክር ቤቱ በተጨማሪ አንቀጽ 42 የሚጠይቀው ሕግ እንዲወጣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በውሳኔ ይጠይቅ። የመጨረሻው ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከዚህ በጀት ዓመት በላይ ሊዘገዩ አይገባም። የምክር ቤት አባላትን የመረጠ የድሬዳዋ ነዋሪም በሚቀጥለው የሕዝብ ውይይት ላይ ስለ መብራትና ስለ ውኃ ከመጠየቁ በፊት፣ መንገዱን ከሚጠርጉት ጋር ማን ተቀምጦ እንደተነጋገረ፣ ምን እንደተጻፈና ማን እንደፈረመበት ይጠይቅ።